የእናቴ 15 ቀን የጨረር ሕክምና፦ የወደድኩትና ቅር ያለኝ

እናቴ ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኝቶባት ቀዶ ሕክምና አደረገች። ቀጥሎ ጨረር ታዘዘላት። እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ከቤታችን 20 ደቂቃ የሚርቅ ማዕከል አለ፤ 15 ቀን እዚያ አመላለስኳት። ቅሬታም ስላለኝ የማዕከሉን ስም አልጠራም። ግን ብዙ ሐበሻ እናት በዚህ መንገድ እያለፈች ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍ።

ከቅሬታው ልጀምር። የመጀመሪያው ቀን ለሲቲ ስካን ሄድን። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የእማዬን ማተብ አየችና “ይሄ መውለቅ አለበት” አለች። እማዬ እንግሊዝኛ አትችልም፤ የልጅቷ ጣት ወዴት እንደጠቆመ ስታይ ግን ገባት። አንገቷን በሁለት እጇ ያዘች። “ክርስትና ከተነሳሁ ጀምሮ በአንገቴ ነው፣ አልበጥስም” አለችኝ። በስልክ የተገናኘው አስተርጓሚ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ጨረሩን “ኬሞ” (በመድኃኒት የሚሰጠው የካንሰር ሕክምና) እያለ ይተረጉምላት ጀመር። ምስኪን፣ ፀጉሬ ሊረግፍ ነው ብላ እንባዋ መጣ። ሌላ አስተርጓሚ ይምጣልን አልኩ፤ መጣልን። እወቁት፣ አሜሪካ ውስጥ ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የመጀመሪያው ካልሆነላችሁ ይቀየርልን በሉ።

የማተቡን ነገር የፈታው የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው ነው። ረጋ ያለ ሰው ነው። ክሩን አየው፣ መስቀሏን አየ። ክሩ ጨረሩን ምንም አያደርገውም፣ ብረቷ ብቻ ጨረሩ ከሚያልፍበት ቦታ ትራቅ አለ። መስቀሏን ወደ ቀኝ ትከሻዋ አዙረው በወረቀት ፕላስተር ለጠፏት። 15ቱንም ቀን እዚያችው ቦታ ላይ ነበረች።

ለምን 15 ቀን ብቻ? እማዬም ይህንኑ ጠየቀች። አዲስ አበባ ያለች ወዳጇ 25 ቀን ተመላልሳለች። “ኢንሹራንሱ ቆርጦብኝ ነው እንዴ?” አለች። ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ድሮ 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 ቀን ይሰጥ ነበር። እንግሊዞች 40 ግሬይን በ15 ቀን ሰጥተው፣ ሴቶቹን 10 ዓመት ተከታትለው፣ ካንሰሩን በመቆጣጠር ከረጅሙ እንደማያንስ አሳዩ። እንዲያውም በ2020 የወጣው ሌላ የእንግሊዝ ጥናት፣ ከ4000 በላይ ታካሚዎች የተሳተፉበት፣ 26 ግሬይ በ5 ቀን ብቻ ሰጥቶ ጥሩ ውጤት አግኝቷል። ከሥራ ፈቃድ ለማይሰጣት ወይም መኪና ለሌላት ሴት ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ ወደድኩት ልምጣ። ልብ ከግራ ጡት ስር ነው ያለው። ጨረሩ ጡቱን ሲያክም ልብንም ሊነካ ይችላል። ኦክስፎርድ ያሉ ተመራማሪዎች በ2013 ያወጡት ጥናት አለ፤ የዴንማርክና የስዊድን ሴቶችን መርምረው፣ ልብ ያገኘው አማካይ ጨረር 1 ግሬይ በጨመረ ቁጥር የከባድ የልብ ሕመም አደጋ በ7.4 በመቶ እንደሚጨምር አገኙ። መፍትሔው ደግሞ ትንፋሽ ነው። በረጅሙ አየር ስትስቢ ሳንባሽ ይነፋል፣ ደረትሽ ወደ ላይ ይነሳል፣ ልብሽ ከጨረሩ ይርቃል። ያንን ትንፋሽ ይዘሽ 20 ሰከንድ ያህል ትቆያለሽ፣ ማሽኑ በዚያች ጊዜ ብቻ ይሠራል።

ባለሙያው ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አሳየን። እማዬ እንደወትሮዋ ስትተነፍስ ልቧ የሚያገኘው 2.9 ግሬይ ነበር። ትንፋሿን ስትይዝ 1.1 ሆነ። ስክሪኑ ላይ በልቧና በጡቷ መካከል ጥቁር ክፍተት ታየ። “ይሄ ሁሉ በትንፋሽ?” አለች።

ቤት ውስጥ ልምምድ ያዝን። ቡናው እስኪፈላ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፣ እሷ በልቧ አባታችን ሆይ ትላለች። አንዴ ስትጨርስ 20 ሰከንድ ሞላ። ማዕከሉ ውስጥ ግን ትእዛዙ በእንግሊዝኛ ነው። “ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ” የሚለውን በእነሱ ፊደል ጽፌ ሰጠኋቸው። ጨረሩን የምትሰጣት ቴራፒስት ወረቀቱን ማይክሮፎኑ ላይ ለጠፈችው። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ እማዬ በአማርኛ ነው የታከመችው።

ቆዳ ላይ በቀለም ነጥብ መነቀስም እዚያ ቀርቷል። ጣሪያው ላይ ያሉ ካሜራዎች ደረቷ ላይ ብርሃን እየጣሉ ቅርጹን ይከታተላሉ። ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰች ጨረሩ በራሱ ይቆማል። አራተኛው ቀን ላይ ሳል ያዛት፤ ወዲያው ቆመ፣ ስትረጋጋ ቀጠለ።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አሳስቧት ነበር። ከሕክምናው በኋላ ልጄን ማቀፍ ፈራች፣ ጨረሩ ወደ ሕፃኑ ይሄዳል ብላ። ማሽኑ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። እንደ መብራት ነው፤ ሲጠፋ ክፍሉ ውስጥ የሚቀር ብርሃን የለም። ሰውነቷ ላይም አይቀርም። ይህን ስትሰማ ማታውኑ አቅፋው ተኛች።

የቀረውን በአጭሩ። ፓርኪንጉ ነጻ ነው፣ በር ላይ ነው። አንድ ቀን ማሽኑ ተበላሽቶ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን፣ ደውለው ሊነግሩን ይችሉ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ቆዳዋ ቀላ፣ ካለቀ በኋላም አንድ ሳምንት ባሰባት፤ ይህን አስቀድመው ነግረውን ነበር። የቆዳ እንክብካቤ ወረቀታቸው በስፓኒሽና በኮሪያኛ አለ፣ በአማርኛ የለም። ይህን ያህል ሐበሻ በሚኖርበት አካባቢ ይህ አሳዝኖኛል፤ በጽሑፍም ነግሬያቸዋለሁ።

ግራ ጡቷ ለታመመ ሴት ማዕከሉን እመክራለሁ። ሌላ ቦታ ከሄዳችሁም ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ትንፋሽ አስይዛችሁ ታክማላችሁ ወይ? የልቤ አማካይ ስንት ግሬይ ነው? ሁሉም ሰው ትንፋሽ መያዝ አይችልም፣ ሁሉም ሰው አያስፈልገውም፤ መልሱን ግን ከባለሙያው አፍ ስሙት።

የመጨረሻው ቀን ቴራፒስቷ ወረቀቱን ልትመልስልኝ ስትነቅል አስቆምኳት። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ነጠላ የለበሱ ሌላ እናት ተራ ይዘው ነበር።