ሞተሯ የማይጠፋው ዲኤክስ እና ደጋግማ የምትጠፋው ላዳ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ግን ከወንድሜ ቪትዝ ሌላ ነድቼ አላውቅም ነበር። ቪትዟ አውቶማቲክ ናት። ዲ ላይ ታደርጓታላችሁ፣ ትሄዳለች፣ በቃ። ማሠልጠኛ እያለሁ ማንዋል፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየረውን፣ ተምሬያለሁ ይባላል። እውነቱን ለመናገር ግን በእሱ በኩልም ፔዳል ስለነበር ፍሪሲዮኑን ይረግጥ የነበረው አስተማሪው ነው። እኔ መሪ ይዤ መንገድ አይ ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ ሥራ ስጀምር "መንዳት ትችያለሽ?" አሉኝ። "እንዴታ!" አልኩ። ለመስክ የተሰጠችኝ ሃይሉክስ ማንዋል ሆና ተገኘች። የመጀመሪያ ቀን ድሬዳዋ፣ ከፊራ ገበያ አጠገብ፣ ሞተሯ ሦስት ጊዜ ጠፋብኝ። ከኋላዬ የባጃጅ መዓት ጥሩምባውን ይነፋል። ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት ከመደባቸው ተነሥተው "አቦ ልጄ፣ ውረጂና እንግፋልሽ" አሉኝ። መኪናዋ የተበላሸች መስሏቸው ነው። እኔም "እሺ፣ ተበላሽታለች" አልኩ። ምን ልበል?

በመሥሪያ ቤት መኪና መለማመድ አይቻልም፤ ፍሪሲዮን ብታቃጥሉ ከደመወዝ ይቆረጣል። ስለዚህ ዕቁቤ ሲደርሰኝ ርካሽ አሮጌ ማንዋል ልገዛ ወሰንኩ። ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ እግሬ እንዲማር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም እንደኔ "የትኛዋን ልግዛ?" ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ነው።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ስለዚህ መካኒክ ጓደኛ የሌለው የድሬ አባት ያለ አይመስለኝም። የአባቴ ጓደኛ በባቡር ጋራዥ ውስጥ ያረጁ ናቸው። ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። "አንድ ቅዳሜ ስጡኝ" አልኳቸው። አራት ቅዳሜ ወሰደብን።

መጀመሪያ የሄድነው ሐረር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ልቤ ፔጆ 404 ላይ ነበር። ሐረር ያደገ ሰው ይረዳኛል። እዚያ ታክሲ ማለት ለስንት ዘመን 404 ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች፣ ቅርጿን ጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የሠራላት መኪና ናት። ሸዋ በር አካባቢ ያየናት ሰማያዊ ነበረች፤ የኋላ ክንፎቿ ሹል፣ ወንበሯ እንደ ሳሎን ሶፋ። ማርሿ ግን ወለል ላይ አይደለም፤ ከመሪው ሥር ነው የወጣው። ጋሼ አንድ ጊዜ ዞረው አዩዋት። "ይቺን ግዢና ለሰርግ አከራያት" አሉኝ። እጄ ከመሪው ሥር ማርሽ መፈለግ ከለመደ ሃይሉክሷ ውስጥ አየር ነው የምጨብጠው። ልክ ናቸው። ግን እስካሁን ትቆጨኛለች።

ሁለተኛዋ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች፣ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን። ቀለሟ አዲስ፣ ቸርኬዋ አዲስ፣ ዳሽቦርዷ ላይ ነጭ ፀጉራም ጨርቅ። ጋሼ ሌላ ነገር ከመናገራቸው በፊት ኮፈኑን በመዳፋቸው ነኩት። ሞቋል። ሻጩ ከመምጣታችን በፊት አስነሥቷታል ማለት ነው። ሞተር ሲሞቅ ብዙ አመሉን ይደብቃል፤ ጠዋት በብርዱ አልነሣ የሚለውን አታዩትም። ምንም አላሉም። "ንጂያት" አሉኝ።

ነዳኋት። ወገኖቼ፣ አልጠፋችም! አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ፍሪሲዮኑን ለቀቅኩ፣ እንደ ቅቤ ተንሸራታ ሄደች። ቆምኩ፣ ደግሜ ተነሣሁ፤ አልጠፋችም። በድንገት ለቀቅኩት፤ አሁንም አልጠፋችም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንዋል የገባኝ መሰለኝ። ፊቴ ሲበራ ጋሼ በመስታወት ያዩኛል። እኔ በልቤ ዋጋ መከራከር ጀምሬያለሁ።

ከዚያ እሳቸው መሪውን ያዙ። ሜዳ ላይ አቆሟት። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡት። ሞተሩ እየሠራ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ለቀቁት። ደህና መኪና እዚህ ጋ ቀጥ ብላ መጥፋት አለባት። የታሰረ ጎማ በሦስተኛ ማርሽ አይነሣምና ሞተሩ ይታነቃል። ዲኤክሷ ግን አልጠፋችም። እያቃሰተች መሥራቷን ቀጠለች።

"ሸራው አልቋል" አሉኝ ወርደው። ፍሪሲዮን ማለት ሞተሩን ከካምቢዮው፣ ከማርሽ ሳጥኑ፣ ጋር የሚያጨባብጥ ሸራ ነው። ሲያልቅ መጨበጡን ትቶ ይንሸራተታል። በድንገት ስለቅቀው ያልጠፋችው ስለቻልኩበት አልነበረም። ሸራው እየተንሸራተተ ስሕተቴን ሁሉ ስለዋጠልኝ ነው። "ይቺ መኪና ታሞግስሻለች እንጂ አታስተምርሽም" አሉኝ። ትንሽ አፈርኩ። በኋላ ሳስበው ግን ከተማርኩት ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ጀማሪ ሰው መኪና ሲሞክር የምትመቸውን ይመርጣል፤ የምትመቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮኗ ያለቀው ናት። ሸራ ለመቀየር ካምቢዮ መውረድ አለበት፤ የእጅ ዋጋው ደግሞ ይወጣል። ሻጩ ግን አንድ ብር አልቀንስም አለ።

ሦስተኛዋ ላዳ ናት። ለገሃሬ፣ አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ፣ ከኒም ዛፍ ሥር። የሰማይ ቀለም የነበረች፣ አሁን የደመና ቀለም የሆነች። ሁለት ክብ መብራት፣ አራት ማርሽ፣ ከወለሉ የወጣ ረጅም የማርሽ ዘንግ። ስለ ላዳ ለኢትዮጵያዊ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ሩሲያ ቶልያቲ ከተማ መሠራት ስትጀምር መሠረቷ የጣሊያኑ ፊያት 124 ነበር። ለሩሲያ በረዶ ብለው አጠነከሯት፣ ከመሬት ከፍ አደረጓት። ማሞቂያዋም የዋዛ አይደለም። ማሞቂያውን አስታውሱልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ኮፈኗ ቀዝቃዛ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች። የዘይት መክደኛዋ ሥር እንደ ወተት የነጣ ነገር የለም፤ ቢኖር ውሃ ከዘይት ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ጋሼ በሁለተኛ ማርሽ አስሩጠው ነዳጁን በድንገት ለቀቁ፤ ማርሹ ተወርውሮ አልወጣም። የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ። ቦሎ አላት። በመጨረሻ የእጅ ፍሬን፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን። ቀጥ! ጠፋች።

"ይቺ አትዋሽም" አሉ።

ተራው የኔ ሲሆን ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ሰባት ጊዜ ጠፋችብኝ። ባለቤቱ ቡናቸውን ይዘው ቆመው ይቆጥሩ ነበር፤ ቁጥሩን ያገኘሁት ከሳቸው ነው። 320 ሺህ ብር ከፈልኩ። ለዲኤክሷ የተጠየቅኩት እጥፉን ነበር።

አሁን ወደ ግምገማው። ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት ግራ ጉልበቴ ደረጃ አላስወጣ አለኝ። መሪዋ ስትቆም አይዞርም፤ ትንሽ እየተንቀሳቀሳችሁ ነው የምትጠመዝዙት። ኤሲ የለም፤ የፕላስቲክ ወንበሯ በድሬ ፀሐይ ጭን ይጠብሳል፣ ነጠላ አንጥፉበት። ቤንዚን ትወዳለች። ሁለተኛ ማርሽ ሲቸኩሉባት ታጉረመርማለች፤ ዜሮ ላይ ለአፍታ አረፍ አድርጋችሁ ካስገባችሁ ግን ዝም ትላለች። ሰው ይስቅባችኋል። የሠፈር ልጆች "ታክሲ! ከዚራ!" ይሉኛል።

ለመማር ግን እንደሷ አላየሁም። ሁሉን ነገር በእግራችሁ ትነግራችኋለች። ጋሼ ያስጀመሩኝ ያለ ነዳጅ ነው። ደልዳላ ሜዳ ላይ አንደኛ አስገብቶ፣ ነዳጁን ሳይነኩ፣ ፍሪሲዮኑን በጣም ቀስ ብሎ መልቀቅ ብቻ። አንድ ቦታ ላይ አፍንጫዋ ትንሽ ቀና ይላል፤ ወለሉ ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል። ያዘ ማለት ነው። እዚያ ላይ እግራችሁን ታቆማላችሁ፣ መኪናዋ ራሷ መሳብ ትጀምራለች። አንድ ሙሉ ጠዋት ይህን ብቻ ሠራሁ። ሲሰለቸኝ "ነዳጅ ልስጥ?" እላለሁ፤ "ሰጥተሽ ወዴት ልትሄጂ?" ይሉኛል።

ምርጡ የመለማመጃ ሰዓት፣ ለድሬ ሰው ብቻ የምነግረው ምሥጢር፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ሱቁ ዝግ ነው፣ ሰው ምርቃና ላይ ነው፣ ባጃጁም ጥላ ፈልጎ ተኝቷል። መኪናው ምድጃ ይሆናል እንጂ ከተማው የእናንተ ነው።

ጉድለት አልደበቅኩም፤ አንድ ትልቅም አለ። በሦስተኛው ሳምንት መጋላ ሠፈር ውስጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገብቶ ቀረ። ማርሽ አልገባ አለ። የላዳ ፍሪሲዮን በገመድ ሳይሆን በፍሬን ዘይት ነው የሚሠራው። ውስጡ ያለችው ዘይቱን የምታግደው ትንሿ ጎሚኒ አርጅታ ዘይቱን አፍስሳዋለች። ጋሼ በስልክ "አጥፊያት፤ አንደኛ አስገቢና በማርሽ አስነሺያት" አሉኝ። አደረግሁት። እየዘለለች ተነሣች፣ እስከ ጋራዡ በአንደኛ ማርሽ አዘገምኩ። ጎሚኒው ርካሽ ነው፣ ሥራውም የግማሽ ቀን። ላዳ የምትገዙ ሰዎች ኮፈኑን በከፈታችሁ ቁጥር የፍሪሲዮኑን ዘይት ዕቃ እዩ።

ከዚያ የደንገጎ ዳገት መጣ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረማያ ወደ 2,000። መሃሉ ያ ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ጫት ያራገፉ መኪኖች ይጋፏችኋል፣ የተጫነ ከባድ መኪና ደግሞ ከፊታችሁ ይሳባል። ግማሽ ላይ ስንደርስ የሙቀት ቀስቷ ወደ ቀዩ መሄድ ጀመረች። "ጋሼ፣ ልቁም?" አልኩ። "ማሞቂያውን ክፈቺ" አሉኝ። የቀለዱ መሰለኝ። በዚያ ንዳድ? ከፈትኩት። እግሬ ላይ የሳይቤሪያ እሳት ወረደ። ቀስቷ ግን ቀስ እያለች ተመለሰች። ማሞቂያው ከራዲያተሩ ጋር አንድ ውሃ ነው የሚጋራው፤ ሞተሩ ላይ ያለውን ሙቀት እናንተ ላይ ያራግፈዋል። አራቱንም መስኮት ከፍተን፣ ላብ በላብ ሆነን ላይ ወጣን። ሻይ ጠጣን። ስንመለስ በወጣሁበት ማርሽ ወረድኩ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፣ ፍሬን የነካሁት ለመታጠፊያ ብቻ ነው። ሃይሉክሷን መጀመሪያ ቀን ሰጥተውኝ ይህን ቁልቁለት ብወርድ ኖሮ በፍሬን ብቻ ነበር የምወርደው። ፍሬን ሲግል ደግሞ እንደማይዝ ያኔ አላውቅም ነበር።

ሁለት ወር ሲሞላኝ ሃይሉክሷ ላይ ተቀመጥኩ። ከላዳዋ በኋላ ፍሪሲዮኗ ትራስ የረገጥኩ ያህል ቀለለኝ። ከፊራ ጋ ስደርስ እኒያ እናት እጃቸውን አውለበለቡልኝ። "ተሠራች?" አሉኝ። "ተሠራች" አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የዲኤክሷ ሻጭ ደወለ። ፍሪሲዮን ሸራ ቀይሬያለሁ፣ መጥተሽ እዪ አለኝ። ጋሼ አልተመቻቸውም፤ ብቻዬን ሄድኩ። ኮፈኑን ነካሁት፣ ቀዝቃዛ ነው። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሦስተኛ አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ቀጥ ብላ ጠፋች። ደህና መኪና ሆናለች። ዋጋዋ ግን አሁንም እጥፍ ነው።