ሥራችንን ለታደገልን ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በምናስተዳድረው የሰነድ ኮፒና ስካን ቤት ለወራት እንቅልፍ ነስቶን የነበረውን ችግር የፈታልንን ወጣት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን ይህን እጽፋለሁ።

ሊኑክስ በተባለው ሥርዓተ ክወና የሚሠራው ኮምፒውተራችን ሰነድ ስካን ባደረግን ቁጥር በትክክል መቀመጡን ይነግረናል፤ ፋይሉ ሲከፈት ግን አልፎ አልፎ የገጹ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይገኛል። የቤታቸውን ካርታ ስካን አስደርገው የሄዱ አንድ አባት ከመሥሪያ ቤት ተመልሰው በራችን ላይ ሲቆሙ የተሰማኝን ሐፍረት አልረሳውም። ለጥገና የሄድንባቸው ቤቶች ደግሞ አንዱ ሃርድ ዲስኩን አስቀየረን፣ ሌላው ሳይከፍተው ቫይረስ ነው አለን፣ ሌላውም ስካነሩን ጥላችሁ አዲስ ግዙ አለን፤ ክፍያውን ሁሉም ተቀበሉ፣ ለጥያቄያችን ግን በወግ መልስ የሰጠን አልነበረም።

ይህ ልጅ አንድ ብሎን ሳይፈታ በፊት አጠገባችን ተቀምጦ አሠራራችንን ተመለከተ። የስካነሩን ድራይቨር፣ ማለትም ስካነሩን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ኮድ ለረጅም ሰዓት ካነበበ በኋላ የተበላሸ ኮፒ ገልብጦ 5 እና -5 ብሎ በትልቁ ጻፈና «እትዬ፣ ያስቸገረቻችሁ ይቺ ጭረት ናት» አለኝ። እንዳስረዳኝ፣ በሊኑክስ ከርነል (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ አንድ ሥራ ሳይሳካ ሲቀር የስህተቱ ቁጥር በመቀነስ ምልክት መመለስ አለበት፤ መረጃ በማስገባትና በማስወጣት ላይ ለሚደርስ ስህተት ቁጥሩ 5 ስለሆነ -5 ይመለሳል። ከስካነሩ ጋር የተሰጠን ድራይቨር ግን አንድ ቦታ ላይ -5፣ ሌላ ቦታ ላይ ምልክቱን ጥሎ 5 ይመልሳል፤ ስካን የምናደርግበት ፕሮግራም ደግሞ ሲስተም ኮሉ (ፕሮግራሙ ለከርነሉ የሚያቀርበው ጥያቄ) የመለሰው ቁጥር ከዜሮ በታች ካልሆነ ተሳክቷል ብሎ ስለሚያልፍ፣ ምልክቱ የተጣለበት ስህተት ሁሉ በስኬት ይቆጠር ነበር። ከዚህ ያለፈው ዝርዝር ከእኔ እውቀት በላይ ነው።

ድራይቨሩን አስተካክሎ እንደ ጫነው ኮምፒውተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ስህተት መኖሩን ተናገረ፤ መነሻውም የተጎዳ የስካነር ኬብል ሆኖ ተገኘ። ኬብሉ ከተቀየረ ወዲህ ባዶ ገጽ አላየንም። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ያለ ጥፋቱ የተቀየረውን ሃርድ ዲስክ ፈትሾ ጤነኛ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ የሰነዶቻችን መጠባበቂያ እንዲሆን መልሶ ሲገጥምልን ሳንቲም አለመቀበሉ ነው። እጁን ይባርከው!

ማሽናችሁ ተሳክቷል እያለ ሥራችሁ የሚጠፋባችሁ ሁሉ፣ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት ለዚህ ልጅ አሳዩት፤ አደራ እላለሁ። በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ አስፈቅጄ አገናኛለሁ፤ ስትሄዱም የማሽኑን ኬብልና አብሮት የመጣውን ድራይቨር መያዝ አትርሱ።