ፓርኩ በር ላይ ያለችው ሽሮ ቤት

ስም የላትም። ጽሑፉን ዝናብ አጥቦት «ሽሮ» የሚለው ብቻ ቀርቷል። ባለቤቷ ሥራ የጀመረችው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ገና ሲገነባ ነው። ያኔ ግንበኛው ሲሚንቶ እንደለበሰ ይገባል፣ ወንበር አይገኝም። ፓርኩ በ2011 ሲመረቅ ሰፈሩ ጨፈረ። እሷ ግን ደንበኛ አጣች፤ ግንበኛው ዕቃውን ጠቅልሎ ሄደ። በ2014 ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ (ምርትን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚያስገባው ዕድል) ስታስወጣ የፓርክ ወሬ ሁሉ ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ እኔና ድመቷ ብቻ ነበርን።

የዱቤ ደብተሯን አሳይታኛለች። የከፈለ ስሙ በቀይ ተሰርዟል። ያልተሰረዙት ሁለት ገጽ ይሞላሉ። «ይመጣሉ» ትላለች፣ ገጾቹን አልቀደደችም።

ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሁለት አዲስ አግዳሚ ተጨምሯል። ባጃጅ ነጂዎች፣ መታወቂያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች ተጋፍተው ይበላሉ። ተጋቢኖው በሸክላው እየተንተከተከ ይመጣል፣ ቃሪያው አይሰሰትም። እንጀራው ግን ከሰዓት ይደርቃል፣ በጊዜ ሂዱ። ቡናውንስ ተዉት! ጅማ ተቀምጦ እንዲህ የቀጠነ ቡና ማቅረብ ነውር ነው። ነግሬያታለሁ፤ ሳቀችና ሁለተኛ ስኒ ቀዳችልኝ።