አዳማ ላይ ካሴት «ወደ ፍላክ» የምታስገለብጡ፣ ቀሪውን ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አዳማ ውስጥ ካሴት ወደ ፍላሽ ከሚገለብጡ ሱቆች አንዳንዶቹ ሁለት ዋጋ ይጠራሉ፦ ለኤምፒስሪ (MP3) አንድ፣ «ጥራቱ ለተጠበቀ» ፍላክ (FLAC) ደግሞ ከፍ ያለ፤ ሁለቱም የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ናቸው። ልዩነቱን ከፍላችሁ የምትወስዱት ፋይል ግን ስሙ ብቻ ፍላክ ሊሆን ይችላል። ካሴቱ በርካሽ የዩኤስቢ ማጫወቻ ይቀዳል፤ ያ ዕቃ ድምፁን ቀጥታ ወደ ኤምፒስሪ ቀይሮ ያስቀምጣል። ከዚያ ፋይሉ ኮምፒውተር ላይ በሰከንዶች ውስጥ ወደ ፍላክ ይለወጥና በፍላክ ዋጋ ይሸጥላችኋል።

ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን የድምፅ ክፍል እየጣለ ነው። አንዴ የተጣለ አይመለስም። ፍላክ ምንም አይጥልም፤ ሲከፈት እያንዳንዱ ቁጥር እንደነበረ ይወጣል። ስለዚህ ከኤምፒስሪ የተሠራ ፍላክ በታማኝነት የሚጠብቀው የኤምፒስሪውን ጉድለት ነው። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ጉዳቱ በተለይ የሚታወቀው በሠርግ ካሴት ላይ ነው። ጭብጨባ፣ እልልታና የማሲንቆ ቀጭን ድምፅ ለኤምፒስሪ ከሚከብዱት ውስጥ ናቸው። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት ሲቀዱ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚጣለው ይበዛል) ጭብጨባው ጧ ማለቱ ቀርቶ ሹ ይላል፣ ከእያንዳንዱ ምት ትንሽ ቀድሞም ሽውታ ይሰማል። ብዙዎች ይህን ሲሰሙ ካሴቱ አርጅቶ ነው ብለው ይተዉታል። ያረጀ ካሴት ይታፈናል፣ ይሻክራል፣ ድምፁ ይዋዥቃል እንጂ ከምቱ ቀድሞ ሽው አይልም።

ፋይሉ ትልቅ ነው ሲሏችሁ አትታለሉ። በሲዲ ልክ ማለትም በ44.1 ኪሎኸርዝና በ16 ቢት የተቀዳ ስቴሪዮ ዌቭ (ሳይጨመቅ የሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) በደቂቃ 10 ሜጋባይት ተኩል ያህል ስለሚይዝ፣ የ60 ደቂቃ ካሴት 635 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። ይህ ቁጥር ስለ ጥራት ምንም አይነግራችሁም፤ የአንድ ሰዓት ዝምታም በዌቭ ሲቀመጥ ያንኑ ያህል ይይዛል። በ128 ኪሎቢት 58 ሜጋባይት የነበረ ኤምፒስሪ ወደ ዌቭ ሲለወጥም 635 ይሆናል። ትንሽ መጠን ግን ያጋልጣል፦ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ፍላክ 60 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነ ፋይሉ ፍላክ ለመሆኑ ጥያቄ አንሡ።

እርግጠኛው ማጣሪያ ስፔክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። አውዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ካላችሁም ትራኩን ወደ ስፔክትሮግራም እይታ መቀየር ይበቃል። ፋይሉን ስትከፍቱ ከግራ ወደ ቀኝ ጊዜው፣ ከታች ወደ ላይ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ በኪሎኸርዝ ተለክቶ ይታያል፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ የተቀዳ ፋይል ጫፉ የዚያ ግማሽ፣ 22 ኪሎኸርዝ ያህል ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ተራ ካሴት ከ12 እስከ 15 ኪሎኸርዝ ካለፈ በኋላ ሙዚቃ እምብዛም ስለሌለው፣ ላይኛው ክፍል ጨለም ማለቱ ብቻውን ማጭበርበርን አያሳይም። የሚፈለገው የመቆረጡ ዓይነት ነው። ከካሴት ቀጥታ የተቀዳ ከሆነ የቴፑ ሽሽታ ወደ ላይ ቀስ እያለ እየሳሳ ይሄዳል። በኤምፒስሪ ያለፈው ግን 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ በማስመሪያ እንደተሰመረ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፣ ከዚያ በላይ ጥቁር ነው። በ320 ኪሎቢት የተሠራ ከሆነ መስመሩ ወደ 20 ኪሎኸርዝ ስለሚጠጋ ለማየት ያስቸግራል፤ በዘፈኖች መሃል ያለውን ባዶ ሽሽታ አጉልታችሁ ተመልከቱ።

ሁለተኛው ማታለያ ስቴሪዮ ነው፣ ማለትም ግራና ቀኙ ለየብቻ የተቀዳ ድምፅ። አንዳንዱ ርካሽ ማጫወቻ የሚያነበው ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ ነው፤ ከቴፕ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ በጃክ የሚቀዳውም እንዲሁ፣ በዚያ ላይ ድምፁ ይሰነጠቃል። ለመፈተን አውዳሲቲ ላይ ስቴሪዮውን ወደ ሁለት ሞኖ ክፈሉት፣ አንዱን ኢንቨርት አድርጉ (ማዕበሉን ገልብጡ)፣ ከዚያ ሁለቱን ቀላቅሉ። ፍጹም ዝምታ ከቀረ ግራና ቀኙ አንድ ናቸው፣ የሁለት ቻናል ሂሳብ የከፈላችሁት ለአንድ ነው። በአንድ ማይክ የተቀዳ የቤት ካሴት እንኳ በስቴሪዮ ካሴት ዴክ፣ ማለትም በደህናው የቤት ማጫወቻ፣ በትክክል ሲገለበጥ የግራና የቀኝ ሽሽታው ስለሚለያይ ፍጹም ዝም አይልም።

«በ24 ቢት 192 ኪሎኸርዝ እንገለብጣለን» ለሚለውም ተጨማሪ አትክፈሉ። 24 ቢት ሲቀዳ ጠቃሚ ነው፤ ከፍተኛው ድምፅ ከመቅጃው ጣሪያ (ከዜሮ) 6 ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀዳ ስለሚያስችል ድምፁ አይሰነጠቅም። 192 ኪሎኸርዝ ግን ካሴት ላይ የሌለ ነገር አያመጣም፣ ፍላሹን ይሞላል እንጂ። 48 ኪሎኸርዝ በ24 ቢት ከበቂ በላይ ነው። አውዳሲቲ ላይ የድምፁን ማዕበል አጉልታችሁ ስታዩት አናቱ በመቀስ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ከሆነ ሲቀዳ ከልክ በላይ ጮኋል፤ በየትኛውም ፎርማት አይስተካከልም፣ ድጋሚ ይቀዳ።

«ሽሽታውን እናጸዳለን» ሲሉ ደግሞ ያልጸዳውንም አብራችሁ ተቀበሉ። ከልክ ያለፈ ማጽጃ ዘፋኙን ውሃ ውስጥ ያለ ያስመስለዋል፣ ጥሬው ከሌላችሁ መመለሻ የለም። መብራት መጥፋትን አትርሱ፦ በመሃል ተቋርጦ ከሌላ ቦታ የተቀጠለ ቅጂ አለ። የ60 ደቂቃ ካሴት አንድ ገጽ 30 ደቂቃ ያህል መሄድ አለበት። እስከ መጨረሻው የተቀዳው ገጽ 27 ደቂቃ ላይ ካለቀ፣ ወይ የጎደለ አለ ወይ ሞተሩ ፈጥኗል። የፈጠነ ከሆነ ድምፁ ይቀጥናል፣ ትዝታውም ከቅኝቱ ከፍ ብሎ ይሰማል።

ፍላሹን ከሱቁ ባትገዙ ይሻላል። «2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ ብዙ ጊዜ እውነተኛ አቅሙ ጥቂት ጊጋባይት ነው፤ ሲሞላ ፋይሉን የተቀበለ ይመስላል፣ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል። 100 ካሴት በሲዲ ልክ ፍላክ ሲሆን፣ እያንዳንዱ 350 ሜጋባይት ያህል ነው ብንል፣ 35 ጊጋባይት ይሆናል፤ የታወቀ ባለ 64 ይበቃል። ቅጂው ሁለት ቦታ ይቀመጥ።

ማስቀመጫ ፍላክ ይሁን የምንለው ከዌቭ ስለሚያንስ ብቻ አይደለም። ፍላክ ኤምዲ5 የሚባል ማረጋገጫ ቁጥር ውስጡ ስለሚይዝ፣ ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ተበላሽቶ እንደሆነ መፈተን ይቻላል። የዘፋኙንና የዘፈኑን ስምም በፊደላችን ያለ ችግር ያስቀምጣል። ብዙ የመኪና ማጫወቻ ግን ፍላክ አያነብም፣ የአማርኛ ስም ሲያይም ጥያቄ ምልክት ይደረድራል። ለመኪና ከፍላኩ 320 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አውጡና የፋይሉን ስም በላቲን ጻፉ። ከኤምፒስሪ ወደ ፍላክ ግን በጭራሽ።

ቀብድ ስትከፍሉ አንድ ካሴት ብቻ ስጡና ፋይሉን ቤት ወስዳችሁ ፈትኑ። ካለፈ ቀሪዎቹን ቆጥራችሁ አስረክቡ፤ ወደ ሱቅ ስትሄዱም የአዳማ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉአቸው፣ ካሴቱ ይጣመማል። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛና በቂ መረጃ የማግኘት መብት ተደንግጎለታል፣ ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ይህን አስጽፉ፦ «… ካሴት፣ ከካሴት ዴክ በስቴሪዮ በቀጥታ የተቀዳ፣ በኤምፒስሪ ያላለፈ፣ ያልጸዳ ፍላክ፤ ካሴቶቹ ተቆጥረው ይመለሳሉ።» ይህን አልጽፍም ካለ ሱቅ ቀብዳችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።