ፒያሳ ላለው የስፒከር ባለሙያ ምስጋና

የጎንደር ሰዎች፣ ቤታችሁ ስፒከር ካለ ይህን ልጅ እወቁልኝ። ፒያሳ አካባቢ ቴፕና ሬዲዮ እየጠገነ የሚተዳደር ወጣት ነው። ስልኩን ሳላስፈቅደው እዚህ አልለጥፍም፤ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ።

ወንድሜ ከውጭ የላከልኝ ስፒከሮች ከኋላቸው አራት አራት የገመድ ማሰሪያ አላቸው። የላዮቹ ሁለቱ ለቀጭኑ ድምፅ፣ የታቾቹ ለቤዙ ናቸው። መጀመሪያ የገጠመልን ሰው ለየአንዳንዳቸው አንድ ገመድ አስሮ ሄደ። ድምፅ አለ፣ ቤዝ የለም። ሶፋው መሃል ላይ ስትቀመጡማ ጭራሽ ይጠፋል።

ይሄኛው ምንም ሳይነካ በፊት አምፕሊፋየሩን ከሶኬት ነቀለ። ከዚያ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ፈታና ጫፋቸውን በተራ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ነካ ነካ አደረገ። የአንዱ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ትልቁ ክብ ክፍል) ወደ ውጭ ሲገፋ የሌላው ወደ ውስጥ ገባ። የአንዱ ስፒከር ቀይና ጥቁር ገመድ ተገልብጦ ነበር። አንዱ ሲገፋ ሌላው እየሳበ ቤዙን ያጠፉታል።

ወንድሜ «ባይዋየሪንግ ካልሆነ» ብሎ ስለጨቀጨቀኝ እሱንም አሠራሁ፤ ለቀጭኑ ድምፅና ለቤዙ ለየብቻ ገመድ መዘርጋት ማለት ነው። ልጁ ግን አልዋሸኝም። «ጋሼ፣ አምፕሊፋየሩ ያው አንድ ነው። ጉልበት አይጨምርም፣ ኦሙም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው እንቅፋት) አይቀየርም። ብዙ እንዳይጠብቁ» አለኝ። ገመድ ሸጦልኝ ዝም ማለት ይችል ነበር እኮ!

የላይና የታቹን ማሰሪያ የሚያገናኙትን ትንንሽ ብረቶች አወጣ። እነሱ እዚያው ከቀሩ ሁለተኛው ገመድ ትርፍ ድካም ነው። ለእያንዳንዱ ስፒከር ሁለት ገመድ ዘረጋ። አምፕሊፋየሩ ጋ ሲደርሱ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ጠምዝዞ አሰረ። አንዲት የመዳብ ክር ሾልካ ሾርት እንዳታደርግ በቴስተር ሳይለካ ማብራት አልፈቀደም። ብረቶቹንም በፌስታል ጠቅልሎ ስፒከሩ ጀርባ ላይ በፕላስተር ለጠፈልኝ፤ ወደ አንድ ገመድ ከተመለስኩ ያስፈልጋሉ።

አሁን ከበሮው ደረት ይመታል፣ ማሲንቆውም ጥርት ብሎ ይሰማል። እውነት ለመናገር፣ ለውጡ ከገመዱ መብዛት ይልቅ ቀይና ጥቁሩ ከመስተካከሉ የመጣ ይመስለኛል። ወንድሜ ይህን ባያነብ ይሻላል።

አንተ ልጅ፣ እጅህ ይባረክ! ዋጋውን አስቀድሞ ነው የሚናገረው፤ ኋላ ጭማሪ የለም። አዘዞ ድረስም ቤት ለቤት ይሄዳል። የመኪና ቴፕ ግን አይሠራም፣ አትጨቅጭቁት።