የእናቴ እጅ ያለበት መጽሐፍ፦ ስለ አንድ የመታሰቢያ ፎቶ መጽሐፍ አገልግሎት

እናቴ ካረፈች ዓመት ሳይሞላት ነው ይህን መጽሐፍ ያዘዝኩት። የቤተሰብ ፎቶና ጽሑፍ በኦንላይን ተቀብለው፣ በጠንካራ ሽፋን ጠርዘው ቤት ድረስ የሚልኩ አታሚዎች አሉ። ከአንዱ ጋር ሠራሁ። ስሙን ትቼዋለሁ። የገጠመኝ ነገር ሌላ ቦታም ሊገጥማችሁ ይችላል።

እናቴ እርሻ ላይ ተወልዳ እርሻ ላይ ያደገች ሴት ናት። በልጅነቷ ነው ላም ማለብ የጀመረችው። ትምህርት ያቆመችው ታናናሾቿን ለመያዝ ነው። አግብታም፣ ስድስት ልጅ ወልዳም ሥራ አላረፈችም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የበሩ መቀርቀሪያ ሲንቋቋ እሰማለሁ። ቀጥሎ ወተቱ ባዶው ባልዲ ላይ ሲያርፍ ቀጭን ድምፅ ያወጣል። ባልዲው እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል። አልጋዬ ውስጥ ሆኜ፣ ስንት እንደቀራት ከድምፁ አውቅ ነበር።

ትእዛዙ የሚጀምረው በፎርም ነው። የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ቦታ፣ የነበራት ኃላፊነት፣ ያገኘችው ሽልማት ይላል። አንዱንም መሙላት አልቻልኩም። ባዶ የተውኩትን ሲስተሙ ራሱ ሞላው፦ «ሕይወቷን በቤት እመቤትነት አሳለፈች»። ይህን ሳነብ በጣም ከፋኝ። አርሳ፣ አርማ፣ አጭዳ ያሳደገችን ሴት ናት። ደግነቱ ቴምፕሌቱን፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀውን ቅጽ፣ አጥፍቶ ባዶ ገጽ መምረጥ ይቻላል። እኔም ያን መርጬ አንድ የሥራ ቀኗን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሬ እስክትተኛ ድረስ ጻፍኩ። አራት ገጽ ሞላ። እናንተም ፎርሙን ዝለሉትና እንደዚያ አድርጉ።

ፎቶዎቹን ራሴ ነኝ ስካን ያደረግኳቸው። ፎቶ በራሱ መጠን የሚታተም ከሆነ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) ይበቃል። የእኛዎቹ ግን ከመዳፍ ያነሱ ስለነበሩ በ600 አነሳኋቸው። ስለዚህ በእጥፍ ሲታተሙም አልደበዘዙም። የቀለም ፎቶዎቹ ደግሞ ቀልተው ነበር። ብዙ የድሮ ፎቶዎች እንዲህ የሚሆኑት ሳያን የሚባለው ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ቀለም ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚለቅ ነው። አታሚው ይህን ያስተካከለበትን መንገድ ማድነቅ አለብኝ። ሰማያዊ ቀሚሷን ከስንት ዓመት በኋላ ሰማያዊ ሆኖ አየሁት።

ግን ማስተካከሉ እዚያ ላይ አላቆመም። ቆዳ የሚያለሰልስ ፊልተር አላቸው። ሳታዙት በርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። አንድ የምንወደው ፎቶ አለን። ላሟ ጎን ቁጢጥ ብላ፣ ግራ እጇ ባልዲውን ደግፎ ይዟል። ሌባ ጣቷ ላይ ረጅም ጠባሳ አለ። አጨዳ ላይ ማጭድ ቆርጧት ነው። ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ እስኪመሽ አጨደች። እሷ አንድ ቀን አንስታው አታውቅም፣ የነገረችኝ አክስቴ ናት።

መጽሐፉ ሲደርስ መጀመሪያ የከፈትኩት ያን ገጽ ነው። ጠባሳው የለም። የጣቶቿ ስንጥቅጥቅም፣ ጥፍሯ ሥር የማይለቀው አፈርም የለም። የሌላ ሰው እጅ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ።

ስደውልላቸው አልተከራከሩኝም። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስለ ጠባሳው እስክጨርስ ዝም ብላ ሰማችኝ። ፊልተሩን አጥፍተው በነፃ ደግመው አተሙት። ከ5 ኮከብ 4 የምሰጣቸው ስለዚህ ነው። አንዱን የቀነስኩት ፊልተሩ ከመጀመሪያው ጠፍቶ መምጣት ስላለበት ነው። ናሙና ሲልኩላችሁ በስልክ አይታችሁ «እሺ» እንዳትሉ። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው ያመለጠኝ። ኮምፒውተር ላይ አስፍታችሁ እጅ እጁን እዩ።

ጥራዙ በክር የተሰፋ ነው። ዋጋው በሙጫ ከተጣበቀ ጥራዝ ይበልጣል፣ ግን መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይከፈታል። በሁለት ገጽ የተዘረጋ ፎቶም መሃሉ አይዋጥም። ወረቀቱን ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ሻካራውን መረጥኩ። ሲታተምበት ፎቶው ትንሽ ይደበዝዛል፣ ያ እውነት ነው። ነገር ግን እርሳስ ይጽፍበታል። ይህን የፈለግኩት ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ ሰዎች ገና ስላሉ ነው።

አክስቴ መጽሐፉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀስ እያለች ገለጠች። የጻፍኩትን አራት ገጽ አላነበበችም፣ ፊደሉ አንሶባታል። የላሟ ፎቶ ላይ ስትደርስ ቆመች። ጠባሳውን በጣቷ ነካ አደረገችና ወደ ላሟ ሄደች።

«ይቺ እኮ ዳማ ናት» አለች። «ከእናትሽ ሌላ ሰው አታስነካም ነበር።»

እርሳስ አምጥቼ ከፎቶው ሥር «ዳማ» ብዬ ጻፍኩ።