የሥዕል ሰሌዳ ወይስ ታብሌት?

በቃል መናገር ለሚከብደው ልጅ፣ ሥዕል እየነካ የሚፈልገውን ለመግለጽ ሁለቱም ያገለግላሉ። እኔ ግን በሰሌዳው ጀምሩ ባይ ነኝ። አራት ኪሎ አንዱ ፎቶ ኮፒ ቤት ጎራ ብሎ «ውሃ»፣ «አመመኝ»፣ «በቃኝ» የሚሉ ሥዕሎችን አሳትሞ ላሚኔት ማስደረግ ነው። («በቃኝ» እንዳትረሳ! ብዙ ሰው የምግብ ሥዕል ብቻ ነው የሚደረድረው።) መብራት ቢጠፋ ግድ የለውም፤ ሽሮ ቢፈስበት ይጠረጋል።

ታብሌቱ ደግሞ ድምፅ አለው። ልጁ ሲነካው «እማዬ፣ ነይ» ይላል፤ እናት ጓዳ ሆና ትሰማለች። የእህቱን ድምፅ ቀድቶ መጫን የሚቻልባቸው መተግበሪያዎችም አሉ። ዋጋው ግን ኪስ ይጎዳል፣ ቻርጅም ይፈልጋል።

«ንግግሩን ያዘገይበታል» የሚለው ስጋት ለሁለቱም አይሠራም። እናንተም እያወራችሁ ሥዕሉን ንኩ፤ ልጁ አይቶ ነው የሚማረው። ጥፋት ሲሠራም ሰሌዳውን ወይም ታብሌቱን ለቅጣት አትቀሙት።